ድንጋይ በአስተርጓሚ ሲናገር፤ የዊትቢ ከተማ ጕብኝት

በእንግሊዝ አገር በሰሜን ዮርክሻየር፣ ኤስክ የሚባለው ወንዝ ወደ ሰሜን ባሕር በሚገባበት ስፍራ ዊትቢ የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ትገኛለች። የነዋሪዎቿ ቍጥር ከ12 እስከ 13 ሺህ ያህል ነው። ወንዙ ከተማይቱን ለሁለት ይከፍላታል፤ በምሥራቅም በምዕራብም ወደ ባሕሩ የሚያይ ከፍ ያለ ገደል አለ። ቀይ የሸክላ ክዳን ያላቸው ቤቶች በገደሎቹ ሥር ተጠጋግተውና ተደራርበው ስለ ተሠሩ የአንዱ ቤት ጣራ ከሌላው ቤት ደጃፍ ትይዩ ይሆናል። በምሥራቁ ገደል ራስ ላይ ደግሞ ጣራ የሌለው የአንድ ታላቅ ገዳም ፍርስራሽ ቆሟል። በባሕር የሚመጣ መርከበኛ ከከተማይቱ ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ይህንኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

የዊትቢን ታሪክ ለማየት የሚመጣው እንግዳ ብዙ ነው። አብዛኛውም ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ፣ በእጁ ትንሽ መሣሪያ ወይም የራሱን ስልክ ይዞ ብቻውን ሲዘዋወር ይታያል። በአንዳንዱ ስፍራ ቍጥር ተጽፏል፤ ጐብኚው ያንን ቍጥር ሲጫን የማይታይ ሰው ድምፅ ስለዚያ ስፍራ ይተርክለታል፤ ሲበቃው ያቆመዋል፤ ካልገባውም ደግሞ ያሰማዋል። ይህን መሣሪያ በአማርኛ «የድምፅ አስጐብኚ» ብንለው የሚያስኬድ ይመስለኛል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1952 በአምስተርዳም ከተማ የስቴደሊክ ቤተ መዘክር ለጐብኚዎቹ በእጅ የሚያዝ አነስተኛ መቀበያ ይሰጥ ነበር፤ ትረካው ከአንድ ቦታ በራዲዮ ሞገድ ይሠራጭና በአዳራሹ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰማው ነበር። ስለዚህ ሰዎቹ ሁሉ አንዱን ሥዕል በአንድነት አይተው፣ ወደሚቀጥለውም በአንድነት መሄድ ነበረባቸው። ዛሬ ግን እያንዳንዱ ጐብኚ የራሱ ጌታ ሆኗል። ቢሆንም ጆሮውን ለሌላ ሰው የሰጠ ጐብኚ ምን ያህል የራሱ ጌታ ነው የሚለው ጥያቄ አልቀረም። አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይሉ የለምን?

እኔ ይህን መሣሪያ ከሁሉ ይልቅ የማመሳስለው ከአስተርጓሚ ጋር ነው። የአገሩን ቋንቋ የማያውቅ ሹም ባላገሩን የሚሰማው በአስተርጓሚ አፍ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የስፍራውን ታሪክ የማያውቅ እንግዳም ድንጋዩን የሚሰማው በዚህ ድምፅ ነው። ባላገሩ በብዙ ቃል የተናገረውን አስተርጓሚው በሦስት ቃል ጨርሶ «እንዲህ ይላል» ሲል የተመለከተ ሰው፣ ከሦስቱ ቃላት ውጭ የቀረው ምን እንደ ነበር ማሰቡ አይቀርም። በተለይ አማርኛን በመማር ላይ ያሉት አንባቢዎቻችን ይህን ነገር ከሌላው ሰው ይልቅ ያውቁታል። ዊትቢን ለምሳሌ የመረጥሁትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከተማይቱ ከ1,300 ዓመት በፊት በታወቀ አስተርጓሚ የተካሄደ ታላቅ ጉባኤ የተደረገባት ናት።

ጕዞውን ከድልድዩ መጀመር ይሻላል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚያሻግረው ድልድይ በ1908 የተከፈተ ሲሆን፣ ረዥም ተራዳ ያለው ጀልባ ሲመጣ ወደ ጐን ዞሮ መንገድ ይለቃል። በዚያን ጊዜ ተሻጋሪው ሁሉ፣ ጐብኚም ሆነ ዳቦ ገዝቶ የሚመለስ፣ እኵል ቆሞ ይጠብቃል። ከድልድዩ በኋላ ጠባቡን የቤተ ክርስቲያን ጐዳና ይዞ እስከ መጨረሻው የሄደ ሰው ወደ ገደሉ ራስ የሚያወጡትን 199 ደረጃዎች ያገኛል። ደረጃዎቹ ቀድሞ የእንጨት ነበሩ፤ በድንጋይ የተሠሩት በ1774 ነው። በመካከሉ እየራቀ ሰፋ ያለ መቆሚያና አግዳሚ መቀመጫ አለ። የዛሬው እንግዳ ለድካሙ የተደረገለት ይመስለዋል፤ ነገር ግን አስቀድሞ የተሠራው ሬሳ ለሚሸከሙ ሰዎች ነበር። የከተማው መቃብር በገደሉ ራስ ላይ ስለ ነበረ፣ ተሸካሚዎቹ ሣጥኑን በዚያ አሳርፈው ትንፋሻቸውን ይሰበስቡ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ዐይን ብቻውን አያገኘውም፤ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። ነገሩን የሰማ ሰው አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ አቀማመጡ ይለወጣል።

ደረጃው ሲያልቅ በመጀመሪያ የሚገኘው ገዳሙ ሳይሆን የደብሩ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅድስት ማርያም ናት። የተመሠረተችው በ1110 አካባቢ ነው። ከውጭ ለሚያያት ዝቅ ያለች፣ ማዕዘኗም የተዘበራረቀ ስለ ሆነች ብዙ ጐብኚ ወደ ታላቁ ፍርስራሽ እየቸኰለ ያልፋታል። እኔ ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ እንድመርጥ ብጠየቅ እርሷን ሳላስቀድም አልቀርም። ውስጧ በ18ኛው መቶ ዓመት እንደ ተዘጋጀ የቀረ ነው፤ ሕዝቡ የሚቀመጠው በር ባላቸው፣ እንደ ሣጥን በተከበቡ የእንጨት መቀመጫዎች ውስጥ ነው፤ ከላይም ዙሪያውን ሰገነት አለ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በሻማ የምትበራ ስትሆን፣ ሙቀት የሚሰጣት በመካከል የቆመ የከሰል ምድጃ ነው። በአንዳንዶቹ መቀመጫዎች ላይ «ለእንግዶች ብቻ» የሚል ተጽፏል። የቀሩት መቀመጫዎች የየቤተሰቡ ስለ ነበሩ፣ ከባሕር የመጣ መርከበኛ ወይም መንገደኛ ቆሞ እንዳይቀር የተደረገ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ይህን ጽሑፍ ሲያነብ ከጥንት ጀምሮ ይጠበቅ የነበረ ያህል ደስ ይለዋል።

በመካከሉ በ1778 የተሠራ ባለ ሦስት ደረጃ የስብከት ሰገነት ከፍ ብሎ ቆሟል። ከታችኛው የደብሩ ጸሐፊ ምላሹን ይመራል፤ ከመካከለኛው ጸሎት ይነበባል፤ ከላይኛው ይሰበካል። በዚህ ሰገነት ላይ ረዣዥም የጆሮ መለከቶች ተያይዘዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት የደብሩ አለቃ የነበሩ አንድ ቄስ ባለቤታቸው ጆሮአቸው ከባድ ስለ ነበረ፣ ወይዘሮዋ ከሰገነቱ በታች ተቀምጠው የባላቸውን ስብከት በእነዚያ መለከቶች ይሰሙ ነበር። ስለ ድምፅ አስጐብኚዎች የሚጽፍ ሰው ይህን ሳይናገር ሊያልፍ አይገባውም። የዛሬው መሣሪያ ከዚያ መለከት እጅግ የረቀቀ ይሁን እንጂ ሥራው አንድ ነው፤ መስማት ለሚቸግረው ሰው የሩቁን ድምፅ ማቅረብ ነው።

ከዚህች ቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ብራም ስቶከር የተባለው የአየርላንድ ደራሲ በ1890 ወደ ዊትቢ መጥቶ ተቀምጦ ነበር። በወደቡ አጠገብ በነበረው የመጻሕፍት ቤት ውስጥ ስለ ዋላኪያና ስለ ሞልዳቪያ በተጻፈ መጽሐፍ ላይ ድራኩላ የሚለውን ስም አገኘ፤ በ1897 ባሳተመው ልብ ወለድም ደም መጣጩን ባለ ማዕርግ በዚህ ወደብ እንዲያርፍ፣ በዚሁ መቃብር መካከል እንዲመላለስ አደረገ። ከዚያ ወዲህ እየመጡ «የድራኩላ መቃብር የትኛው ነው?» ብለው የሚጠይቁ ስለ በዙ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ይህ ጥያቄ እንዳይቀርብ የሚለምን ማስታወቂያ እስከ መለጠፍ ደርሳለች። እውነተኛ ሙታን ስማቸው በነፋስና በጨው ከድንጋዩ ላይ ተፍቆ በተኛበት ስፍራ፣ ያልተወለደው ሰው መቃብር ይፈለጋል። ይህ እንግዲህ ትረካ ከቦታው ሲበረታ የሚያደርሰው ነው።

አሁን ወደ ገዳሙ እንለፍ። ፍርስራሹን የሚጠብቀው «ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ» የተባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ነው። ያለ አንዳች ማብራሪያ የገባ ሰው የሚያየው ይህን ነው፤ በምሥራቅ በኩል ሦስት ተራ ረዣዥም መስኮቶች ያሉት ከፍተኛ ግድግዳ፣ በሰሜን በኩል እንዲሁ የቆመ ክንፍ፣ ከዚያ ወዲያ የተሰበሩ ዓምዶች፣ የቀረው ሣርና ሰማይ። ግድግዳው ውብ መሆኑን ለመናገር አስተርጓሚ አያስፈልግም። ነገር ግን ይህ ሕንፃ ከ1220ዎቹ ጀምሮ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ዊትቢን ያስከበረው የመጀመሪያው ገዳም ከነጭራሹ አይታይም። ከሣሩ በታች ነው፤ ከፊሉንም ባሕሩ ወስዶታል። የድምፅ አስጐብኚ ኀይል የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ዐይን ባዶ ሣር ሲያይ ጆሮ ጐጆዎችን፣ መነኮሳትንና መነኮሳይያትን፣ ጸሐፊዎችንና እረኞችን ይሰማል።

ያንን ገዳም በ657 ያቋቋሙት ሂልዳ የተባሉት ቅድስት ናቸው። የተወለዱት በ614 ከኖርዘምብሪያ ነገሥታት ዘር ነው። ገዳማቸው ወንዶችም ሴቶችም የሚኖሩበት ሲሆን፣ በሁሉም ላይ እመ ምኔት ሆነው የሚያስተዳድሩት እርሳቸው ነበሩ። ነገሥታትና መኳንንት ምክር ሊጠይቋቸው ይመጡ ነበር፤ ከገዳማቸው ከወጡት ተማሪዎች አምስቱ ጳጳሳት ሆነዋል። በ680 ዐረፉ።

በ664 ንጉሥ ኦስዊዩ በዚህ ገዳም ጉባኤ ሰበሰበ። የጉባኤው ምክንያት የትንሣኤ በዓል ነበር። ንጉሡ ሃይማኖትን የተማረው ከአየርላንድ ወገን መነኮሳት ነው፤ ንግሥቲቱ ኢያንፍሌድ ግን ከደቡብ፣ ከኬንት የመጣች ስለ ሆነች የሮማን ሥርዐት ትከተል ነበር። የሁለቱ ወገኖች የዘመን አቈጣጠር ስላልተስማማ፣ ንጉሡ ጾሙን ፈትቶ ትንሣኤን በሚያከብርበት ቀን ንግሥቲቱ ገና ሆሣዕና ላይ ሆና የምትጾምበት ጊዜ አጋጥሟል። በአንድ ቤት አንዱ ማዕድ ፍስክ፣ አንዱ ማዕድ ጾም ሆነ ማለት ነው። ይህ ነገር ለባልና ለሚስት ብቻ ሳይሆን ለአሽከሩም፣ ለወጥ ቤቱም፣ ለመንግሥቱም የሚያስቸግር ነበር።

በአገራችን ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሰው የክርክሩን ፍሬ ነገር ከብዙ እንግሊዛዊ ጐብኚ ይልቅ ፈጥኖ ይረዳዋል። የአየርላንድ ወገን የፋሲካን ቀን የሚያወጣው በ84 ዓመት ዑደት ነበር፤ ጨረቃ በ14ኛ ቀኗ ላይ ሳለች እሑድ ቢውልም ያከብር ነበር። የሮማው ወገን ደግሞ ከእስክንድርያ የተገኘውን የ19 ዓመት ዑደት ይዞ ከ15ኛው የጨረቃ ቀን በፊት አይሆንም ይል ነበር። ይህ የ19 ዓመት ዑደት የእኛ ሊቃውንት ንዑስ ቀመር የሚሉትና አበቅቴና መጥቅዕ የሚወጣበት ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ሐሳቡ የሚነገረው ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ነው። ስለዚህ በሰሜን ባሕር ዳር በዚያ ነፋሻ ገደል ላይ የተሟገቱበት ሒሳብ፣ በጎንደርና በጎጃም ደቀ መዛሙርት የሚማሩት ሒሳብ ሥሩ አንድ ነው። እንግሊዝ ኋላ በ1752 የጎርጎርዮስን አቈጣጠር ስለ ተቀበለች ዛሬ የእነርሱና የእኛ ትንሣኤ በአንድ ቀን የሚውለው በአንዳንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በ2025 ሁለቱም ሚያዝያ 12 ቀን ውለዋል።

ወደ ጉባኤው እንመለስ። ለአየርላንድ ወገን የተናገሩት ጳጳሱ ኮልማን ነበሩ። በሮማው ወገን መናገር የሚገባቸው አጊልበርት የተባሉ ከፍራንኮች አገር የመጡ ጳጳስ ሲሆኑ፣ እርሳቸው ግን በአስተርጓሚ ከሚናገሩ ይልቅ ዊልፍሪድ የተባለው የአገሩ ተወላጅ በእንግሊዝኛ ቢናገር እንደሚሻል አስረዱ፤ ክርክሩም ለእርሱ ተሰጠ። እኚሁ አጊልበርት ቀደም ሲል በደቡብ፣ በዌሴክስ ንጉሥ ዘንድ ጳጳስ ነበሩ። ንጉሡ የእርሳቸው የባዕድ አነጋገር ስለ ሰለቸው ቋንቋውን የሚያውቅ ሌላ ጳጳስ ሾመባቸውና አዝነው ሄዱ። በተሾሙበት አገር ቋንቋ አለመናገር ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ጥንታዊ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በሁለቱ ወገኖች መካከል አስተርጓሚ ሆኖ የቆመው ቼድ የተባለ ጳጳስ ነበር። አየርላንዳውያኑ ካሠለጠኗቸው ሰዎች አንዱ ስለ ነበረ ለአንደኛው ወገን ማድላት ይችል ነበር፤ ነገር ግን ለሁለቱም በጥንቃቄ እንደ ተረጐመ ተመስክሮለታል። ንጉሡ በመጨረሻ የመንግሥተ ሰማያት መክፈቻ የተሰጠው ለጴጥሮስ መሆኑን ከኮልማን አፍ ካረጋገጠ በኋላ፣ በር ጠባቂውን ማስቀየም እንደማይሻ ተናግሮ ለሮማው ወገን ፈረደ። ኮልማን ፍርዱን ባለመቀበል መነኮሳታቸውን ይዘው ወደ ሰሜን፣ በኋላም ወደ አየርላንድ ተመለሱ። ቼድ የሰማውን ክርክር አመዛዝኖ አዲሱን ሥርዐት ተቀበለና በዚያው ዓመት በወረርሽኝ ሞተ። ቅድስት ሂልዳም በጉባኤው ከተሸናፊዎቹ ወገን ነበሩ። እርሳቸው ግን ገዳማቸውን አልተዉም፤ ውሳኔውን ተቀብለው እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚያው አስተዳደሩ።

ይህን ሁሉ በይበልጥ የምናውቀው ከአንድ መጽሐፍ ነው፤ ቤዳ የተባለው ሊቅ መነኵሴ በ731 ከፈጸመው የእንግሊዝ ሕዝብ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ። ቤዳ ጉባኤው ሲደረግ አልተወለደም፤ መጽሐፉ የተፈጸመው ከ67 ዓመት በኋላ ነው፤ እርሱም በልቡ ከሮማው ወገን ነበረ። የኮልማንን ሰዎች ቅድስናና ድህነት በደግ ቃል ያመሰግናል፤ ሆኖም በመጽሐፉ ውስጥ ረዥሙና የሚያሸንፈው ንግግር የዊልፍሪድ ነው። ከኮልማን ወገን የተጻፈ የጉባኤው ትረካ አልተረፈልንም። ቅድስት ሂልዳ ፍርዱ በተነገረበት ማታ ለመነኮሳይያታቸው ምን እንዳሉ የሚነግረን የለም። እንግዲህ ጐብኚው በማዳመጫው የሚሰማው ድምፅ ቤዳን የሚተረጕም ነው፤ ቤዳም ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሽማግሌዎች የሚተረጕም ነው፤ እነርሱም ቼድ የተረጐመውን የሰሙ ናቸው። መልካም የተባለ የድምፅ አስጐብኚ «ቤዳ እንዲህ ይላል» ብሎ ምንጩን ይነግራል። መጥፎው ግን «እንዲህ ሆነ» ብሎ ያልፋል። እኔ በዓለም ላይ ያሉትን እነዚህን መሣሪያዎች የምመዝነው ከምንም ይልቅ በዚህ ነው።

ከዚሁ ገዳም ስለ መስማት የሚነገር ሌላ ታሪክ አለ። ካድመን የተባለ በገዳሙ የሚያገለግል የከብት እረኛ ነበር። በግብዣ ላይ በገናው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ መዝፈን ስለማያውቅ ተራው ሳይደርስ ተነሥቶ ወደ በረቱ ይሸሽ ነበር። አንድ ሌሊት ከከብቶቹ ዘንድ ተኝቶ ሳለ በሕልሙ አንድ ሰው ስለ ፍጥረት እንዲዘምር አዘዘው፤ ነቅቶም የዘመረውን አልረሳም። ቅድስት ሂልዳ አስጠርተው ፈተኑትና ወደ ማኅበሩ አስገቡት። ማንበብ ስለማይችል መምህራኑ የመጽሐፍን ታሪክ በቃል ይነግሩታል፤ እርሱም የሰማውን በልቡ ሲያመላልስ አድሮ በገዛ ቋንቋው ግጥም አድርጎ ይመልስላቸዋል፤ መምህራኑም በተራቸው ጸሐፊዎቹ ይሆናሉ። በእንግሊዝኛ ከታወቁት ባለ ቅኔዎች በስም የተጠራው የመጀመሪያው ይህ እረኛ ነው። በ1898 በቅድስት ማርያም ቅጥር ውስጥ በደረጃው አናት ላይ ከድንጋይ የተቀረጸ ከፍተኛ መስቀል መታሰቢያ ቆሞለታል። ከደረጃው ደክሞ የወጣ ሁሉ ተደግፎት ፎቶግራፍ ይነሣል።

የገዳሙ መፍረስ በብዙ ቃል የሚነገር አይደለም። በ9ኛው መቶ ዓመት ዴኖች መጥተው የመጀመሪያው ገዳም ጠፋ፤ የከተማይቱ ስም ዊትቢ የተባለውም ከእነርሱ ቋንቋ ነው። ከኖርማኖች ወረራ በኋላ ሬይንፍሪድ የተባለ ወታደር መንኵሶ በ1078 አካባቢ መልሶ አቋቋመው። በ1539 ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘጋው፤ የጣራው እርሳስ ተገፈፈ። ከዚያ ወዲህ የሚያፈርሰው ነፋስ ነበር፤ በ1762 የምዕራቡ አዳራሽ ወደቀ፤ በ1830 የመካከሉ ግንብ ወደቀ። በዲሴምበር 16 ቀን 1914 ሁለት የጀርመን የጦር መርከቦች ከባሕሩ ተኵሰው የምዕራቡን ፊት ጐዱት። በዚህ ክፍል ላይ አንዳንድ አዘጋጆች የመድፍ ተኵስ፣ የማዕበልና የባሕር ወፍ ጩኸት በትረካው ውስጥ ማስገባት ይወዳሉ። እውነተኛው የባሕር ወፍ በራስ ላይ እየጮኸ፣ እውነተኛው ማዕበል ከገደሉ ሥር እየመታ ሳለ በማሽን የተቀዳውን መስማት ለእኔ ከጠጅ ቤት ደጃፍ ቆሞ የጠጅን ሥዕል እንደ ማየት ነው። ስለዚህ በዚህ ቦታ ማዳመጫውን አውልቆ ጥቂት መቆም ይገባል። ነፋሱ በባዶዎቹ መስኮቶች ሲያልፍ የሚያሰማውን ድምፅ ማንም ሊተረጕመው አይችልም፤ አያስፈልገውምም።

ማዳመጫውን ያወለቀ ሰው ከታች የሚንሸራተተውን ድንጋይም ይሰማ ይሆናል። ገደሉ ለስላሳ ስለ ሆነ ባሕሩ ከሥሩ ይበላዋል፤ ዝናቡም ከላይ ያሟሟዋል። በ2012 መጨረሻ ከበድ ያለ ዝናብ ከጣለ በኋላ ከቅድስት ማርያም መቃብር በታች ያለው አፈር ተንዶ፣ ከብዙ ዘመን በፊት የተቀበሩ ሰዎች አጥንት ከገደሉ ላይ ወጣ። በዚያው ወራት ከገደሉ ሥር የነበሩ ጥቂት ቤቶች በናዳው ምክንያት እንዲፈርሱ ተደረገ። በአግዳሚዎቹ ላይ እያረፉ በ199 ደረጃ ተሸክመው ያወጧቸው ሙታን በሌላ መንገድ ወደ ታች እየወረዱ ነው ማለት ይቻላል። ቅድስት ሂልዳ የቆሙበት መሬት ዛሬ ምን ያህል እንደ ቀረ መለካት የሚያስቸግረውም በዚህ ምክንያት ነው። ድምፁ በመሣሪያ ተቀድቶ ለመቶ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል፤ ቦታው ግን አይቀዳም። «አሁን ወደ ግራህ ተመልከት» የሚለው ቃል የሚታየው ነገር ከሌለ ምን ዋጋ አለው?

ወደ ከተማው የወረደ ሰው በሱቆቹ መስኮት እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለሉ ድንጋዮች ያያል። በሕዝቡ አፈ ታሪክ እነዚህ ቅድስት ሂልዳ ወደ ድንጋይ የለወጧቸው እባቦች ናቸው፤ ጠራቢዎችም ነገሩ እንዲታመን የእባብ ራስ ይቀርጹባቸው ነበር። ሊቃውንት ደግሞ አሞናይት የሚባሉ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በባሕር ይኖሩ የነበሩ ፍጥረታት መሆናቸውን ይናገራሉ፤ ከእነርሱም አንዱን ወገን በቅድስቲቱ ስም ሂልዶሴራስ ብለው ሰይመውታል። ሳይንሱ ተረቱን ሳያሳድደው ስሙን ይዞለት መቅረቱ ደስ የሚያሰኝ ነው። በዚያው ሱቅ ጄት የሚባለው ጥቁር ጌጥ ይሸጣል፤ ከጥንት ዛፍ እንጨት የተገኘ ሲሆን፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ባላቸው በ1861 ከሞቱ በኋላ በሐዘናቸው ጊዜ ስላጌጡበት እጅግ ተፈላጊ ሆኖ ነበር።

ጊዜ ያለው ሰው በግሬፕ ሌን ያለውን የ1688 ቤት ማየት አለበት። ጄምስ ኩክ በ1746 በ18 ዓመቱ ገደማ የመርከብ ሥራ ሊማር ወደዚህ ከተማ መጥቶ በጆን ዎከር ዘንድ አደረ፤ ተለማማጆቹም በዚህ ቤት ከጣራው ሥር ባለው ክፍል ይተኙ ነበር። ዛሬ ቤተ መዘክር ነው። በ1768 የተነሣባት ኢንዴቨር የተባለችው መርከብ ለከሰል ማመላለሻ በዊትቢ የተሠራች ነበረች። በምዕራቡ ገደል ላይ ሐውልቱ ቆሟል፤ በአጠገቡም ከዓሣ ነባሪ መንጋጋ የተሠራ ቅስት አለ፤ አሁን የቆመው አጥንት በ2003 ከአላስካ የመጣ ነው። በቅስቱ ሥር ሆኖ ወንዙን አሻግሮ ያየ ሰው ደረጃውን፣ ቤተ ክርስቲያኒቱንና ገዳሙን በአንድ ዕይታ ያገኛል። እዚያ የሄደ ሰው ትረካውን ሳያስከትል አስቀድሞ በዐይኑ ብቻ ቢያይ እመክራለሁ፤ ያኔ ድምፁ ሲጀምር የተተወውን ነገር ያውቃል።

ወደ ዊትቢ የሚሄድ መንገደኛ ከሚድልስብሮ በባቡር ቢሳፈር በኤስክ ሸለቆ በኩል በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይደርሳል። መንገዱ እጅግ ያማረ ነው፤ ወንዙን ደጋግሞ ይሻገራል። ባቡሩ ግን በቀን የሚመላለሰው ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፣ ማታ የሚነሣበትን ሰዓት ከጣቢያው አስቀድሞ ጠይቆ መያዝ ያስፈልጋል፤ ይህንን ማዳመጫው አይነግረውም።